የስንዴ ዋግን ምሥጢር የፈቱ ሊቃውንትና የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ

ሶፍ ዑመር ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ዋሻው ነው። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው ዌይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ከዘመን ዘመን እየሰረሰረ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የከርሰ ምድር መተላለፊያ ከፍቶበታል። ጣራውን እንደ ዓምድ ደግፈው የቆሙት ድንጋዮችና የሼህ ሶፍ ዑመር መታሰቢያነቱ የቦታውን ስም በሩቅ አስጠርተውታል። ሆኖም ሶፍ ዑመር በባሌ ደጋ የአንድ ስንዴ ስም ጭምር ነው። ከሮቤ በስተምሥራቅ የሚገኘው የሲናና እርሻ ምርምር ማዕከል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ለገበሬው ካወጣቸው የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች አንዱን «ሶፉመር»፣ ሌላውን ደግሞ «መዳ ወላቡ» ብሎ ሰይሟቸዋል።

ለመሆኑ የምርምር ማዕከል ለምን በየጊዜው አዲስ ስንዴ ያወጣል? ቀድሞ የወጣው ጥሩ ምርት ከሰጠ በእርሱ መቀጠል አይቻልምን? ይህ ጥያቄ በየገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተደጋግሞ የሚነሣ ነው። መልሱ አንድ ነው፤ ስንዴው አይለወጥም፣ ዋግ ግን ይለወጣል። ይህን እውነት ለማወቅ የሰው ልጅ ከ200 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ስማቸው በዓለም የታወቀ ሊቃውንት እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቀለበት እየጨመሩ ሰንሰለቱን እስከ እኛ ማሳ ድረስ አድርሰውታል። የመጨረሻው ቀለበት ያለው ግን በገበሬውና በማኅበር መሪው እጅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአምልኮ ወደ አጉሊ መነጽር

ዋግ እንደ ስንዴ ሁሉ አሮጌ ነው። የጥንት ሮማውያን ሮቢጉስ የሚሉት የዋግ ጣዖት ነበራቸው። በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ቀይ ውሻ እየሠዉ ሰብላቸውን እንዲምርላቸው ይለምኑት ነበር። የቀዩ ውሻ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዋግ የመታው ማሳ የዛገ ብረት መልክ ይይዛል። በእኛም አገር ዋግ በገባ ጊዜ አባቶቻችንና እናቶቻችን ምሕላና ዱዓ ያደርሱ ነበር። የበሽታው ምንነት ባልታወቀበት ዘመን ከዚህ የተለየ መፍትሔ ሊኖር አይችልም ነበር።

ምሥጢሩን ለመፍታት በመጀመሪያ በዓይን የማይታየውን ማየት ያስፈልግ ነበር። በ1670ዎቹ ሆላንድ ውስጥ በዴልፍት ከተማ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ራሱ በሞረደው ትንሽ መስታወት ጥቃቅን ሕያዋንን ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለከተ። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ሥራው የጨርቅ ክር መቁጠር ነበርና መስታወቱን ማወቅ የጀመረው ከዕለት ሥራው ነው። ከእርሱ በኋላ በ1767 ሁለት ጣሊያናውያን፣ ፌሊቼ ፎንታናና ጆቫኒ ታርጆኒ ቶዜቲ፣ ዋግን በአጉሊ መነጽር መርምረው አንድ ታላቅ ነገር አስታወቁ። ዋግ የአየር መበላሸት ወይም የአፈር ቁጣ ሳይሆን፣ በስንዴው ላይ ተቀምጦ የስንዴውን ምግብ የሚበላ ጥቃቅን ተባይ ተክል መሆኑን ገለጹ። ዛሬ ፈንገስ የምንለው ይህንኑ ነው።

ገበሬ ቀደመ፣ ሳይንስ አረጋገጠ

በዚህ ታሪክ ውስጥ የማኅበር መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ገበሬዎች ባርበሪ በሚባል እሾኻማ ቁጥቋጦ አጠገብ የተዘራ ስንዴ ይበልጥ በዋግ እንደሚመታ ከጥንት ጀምሮ ይናገሩ ነበር። በአሜሪካ የኮኔክቲከት ግዛት በ1726 ቁጥቋጦው እንዲነቀል የሚፈቅድ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሷል። አያሌ የተማሩ ሰዎች ግን አሉባልታ ነው እያሉ ሲያጣጥሉት ቆዩ። በ1865 አንቶን ደ ባሪ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በባርበሪ ቅጠል ላይ የሚታየውና በስንዴ ግንድ ላይ የሚታየው አንድ ፈንገስ መሆኑን፣ ዕድሜውንም በሁለቱ ተክሎች ላይ ተከፋፍሎ እንደሚያሳልፍ በሙከራ አረጋገጠ። የገበሬው ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ። ሕጉ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ስለዚህ የገበሬ ምልከታ ተራ ወሬ አይደለም። ጉድለቱ ምልከታው ሳይመዘገብና ለሚመረምረው ሰው ሳይደርስ መቅረቱ ላይ ነው።

ጠባይ በዘር እንደሚወረስ

ሌላው ቀለበት የመጣው ከአተር ማሳ ነው። ግሪጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር በብርኖ ከተማ፣ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እያዳቀለ ስምንት ዓመት ያህል ከቆጠረና ከመዘገበ በኋላ፣ የአበባ ቀለምና የቁመት ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ሕግ በ1866 አሳተመ። ጽሑፉ እስከ 1900 ድረስ አስታዋሽ አላገኘም። ሮላንድ ቢፈን የተባለ እንግሊዛዊ በ1905 ቢጫ ዋግን የመቋቋም ጠባይም ልክ እንደ አተሩ አበባ ቀለም በዘር እንደሚወረስ አሳየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋግን የሚቋቋም ስንዴ በዕድል ከመጠበቅ ይልቅ አዳቅሎ ማውጣት ተቻለ።

ነገር ግን ዋግን የሚቋቋም ተብሎ የወጣው ስንዴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዳግመኛ በዋግ ይመታ ነበር። የዚህን እንቆቅልሽ ቁልፍ ያገኘው በአሜሪካ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኤልቪን ስታክማን ነው። ስታክማን ከ1910ዎቹ ጀምሮ ባደረገው ምርመራ የግንድ ዋግ አንድ ሳይሆን ብዙ ነገድ ያለው መሆኑን አስረዳ። ነገዶቹ በመልክ አይለዩም፤ የሚለዩት በሚያጠቁት ስንዴ ነው። አንዱ ነገድ ይህን ስንዴ ሲመታ ያንን ማጥቃት አይችልም። ሌላው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ ነገድም በየጊዜው ይፈጠራል። በሌላ አነጋገር፣ ዝርያ በር ላይ እንደተገጠመ ቁልፍ ሲሆን ዋግ ደግሞ ዘወትር አዲስ መክፈቻ የሚቀጠቅጥ ሌባ ነው።

ቦርሎግና የሁለት ወቅት ጥበብ

የስታክማን ተማሪ የነበረው ኖርማን ቦርሎግ በ1914 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ነው። በ1944 ወደ ሜክሲኮ ሄደ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የግንድ ዋግ የሜክሲኮን ስንዴ በተከታታይ አጥፍቶት ነበር። ቦርሎግ ከመምህራኑ ልማድ ወጣ ብሎ በዓመት ሁለት ጊዜ መዝራት ጀመረ። አንዱን ወቅት በሶኖራ ቆላ፣ ሌላውን በቶሉካ ደጋ እየዘራ ዘሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልስ ነበር። በዚህ ዘዴ የማዳቀያውን ጊዜ በግማሽ አሳጠረ። በኋላም ጎንጂሮ ኢናዙካ የተባለው ጃፓናዊ በ1935 ካወጣው ኖሪን 10 ከሚባል አጭር ስንዴ የመጣውን ጠባይ አዳቅሎ፣ ማዳበሪያ ሲበዛለት የማይጋሽብ፣ ዋግንም የሚቋቋም ስንዴ አስገኘ። ሜክሲኮ በ1956 ራሷን በስንዴ ቻለች። በ1960ዎቹ ዘሩ ወደ ሕንድና ፓኪስታን ተሻግሮ ረኀብን ለመግታት ረዳ። ቦርሎግም በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። በኋላ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና ከጃፓናዊው ርዮይቺ ሳሳካዋ ጋር ሆኖ ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት፣ በ1993 በአገራችን የሠርቶ ማሳያ ማሳዎች ተጀምረዋል።

የባሌ ገበሬ የቦርሎግን የሁለት ወቅት ጥበብ ቶሎ ይረዳዋል። በባሌ ደጋ ሁለት የእርሻ ወቅት አለና። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው «ገና»፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው ደግሞ «ቦና» ይባላል። ይህ ለምርት ታላቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ለዘር አዳቃዩ የጠቀመው ለዋግም ይጠቅማል። ዋግ ሕይወት ባለው ስንዴ ላይ ካልሆነ በቀር ብዙ ሊቆይ አይችልም። በባሌ ግን የአንዱ ወቅት ስንዴ ሳይደርቅ የሌላው ይበቅላል። በመካከሉም በማሳው ዳር የሚበቅለው ወፍ ዘራሽ ስንዴ ዋግን ከወቅት ወደ ወቅት የሚያሻግር ድልድይ ይሆናል።

ኩብሳና ዲገሉ ያስተማሩን

የዋግን መለወጥ ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በ1998 በኡጋንዳ አንድ አዲስ የግንድ ዋግ ነገድ ታየ። ዩጂ 99 የሚባለው ይህ ነገድ፣ ራይ ከሚባል የስንዴ ዘመድ ተወስዶ በዓለም ብዙ ዝርያዎች ውስጥ የገባውን መከላከያ ሰበረው። በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። ያን ጊዜ ቦርሎግ ዕድሜው 90 ዓመት ገደማ ቢሆንም ዓለምን ለማስጠንቀቅ ተነሣ። በ2009 እስከሚያርፍም ድረስ ከዚህ ሥራ አልተለየም።

በ2010 ደግሞ የመጣው ቢጫ ዋግ ነበር። በዚያን ጊዜ ኩብሳ የሚባለው ዝርያ በአርሲ፣ በባሌና በሌሎችም አካባቢዎች እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። ከፍተኛ ምርት ስለሚሰጥ ገበሬው ወዶታል። ዝናቡ በርከት ብሎ አየሩ ሲቀዘቅዝ ቢጫ ዋግ ማሳ ለማሳ ሰፋ፤ ጉዳቱም ከባድ ሆነ። ከዚህ በኋላ ገበሬው ቢጫ ዋግንም ሆነ ዩጂ 99ን ይቋቋም ወደ ነበረው ዲገሉ ፊቱን አዞረ። ዲገሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰፊ መሬት ሸፈነ።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ግን በባሌና በአርሲ ሌላ ነገር ተከሠተ። ከዩጂ 99 ወገን ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ ነገድ ዲገሉን መርጦ መታው። ባለሙያዎች በፊደል ቲ ኬ ቲ ቲ ኤፍ ይሉታል። ክፉኛ በተመቱ የዲገሉ ማሳዎች ላይ ምርቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጠፋ። እሸቱ ያማረ፣ ገበሬው ኮምባይነር ለመከራየት የተዘጋጀበት ስንዴ ግንዱ ዝጎ ፍሬው ኮሰመነ። ከቢጫ ዋግ የሸሸ ገበሬ በግንድ ዋግ ተያዘ። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለእርሻ የወጣው ገንዘብም ያው ባከነ።

ዲገሉ መጥፎ ስንዴ ስለነበረ አይደለም። አውጪዎቹም አልተሳሳቱም። ጥፋቱን ያከበደው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዝርያ ብቻ መዘራቱ ነው። ሌባው አንድ መክፈቻ ቀጥቅጦ ሺህ ቤት ከፈተ።

መከላከያው የተገኘው በማን ጎተራ ነው?

አዲስ መከላከያ ከየት ይመጣል? ሊቃውንት ከባዶ አይፈጥሩትም፤ ፈልገው ነው የሚያገኙት። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ ሳይንቲስት በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩትን ራስ ተፈሪን አነጋግሯል። በበቅሎ ጓዝ እየተጓዘም የስንዴ፣ የገብስና የሌላ ሰብል ዘር ሰብስቧል። በዓይኑ ካየው የተነሣ ኢትዮጵያን የዓለም ሰብሎች ብዛትና ልዩ ልዩነት ከሚገኙባቸው ዋና ማዕከሎች አንዷ አድርጎ ቆጠራት። ይህ ሰው በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኀብ ሞተ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበችበት ጊዜ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቹ የሰበሰበውን ዘር እየጠበቁ፣ አንዳንዶቹም ዘሩን ሳይበሉ በረኀብ ሞቱ። ዘር ማለት ለእነዚህ ሰዎች ይህን ያህል ነበር።

የኢትዮጵያ ዘር ለዓለም የሰጠው ጥቅም በወሬ ብቻ የሚቀር አይደለም። ኤስ ቲ 464 የሚል መለያ የተሰጠው ከኢትዮጵያ የተወሰደ የዱረም ስንዴ፣ የግንድ ዋግን ለሚቋቋመው ኤስ አር 13 ለሚባለው የዘር ጠባይ አንድ ምንጭ ሆኗል። ይህን ጠባይ የያዙ የዱረም ስንዴዎች በሌላ አገር ማሳ ላይ ይዘራሉ። መነሻው ግን ሳይንቲስት ስሙን የማያውቀው የአንድ ኢትዮጵያዊ ገበሬ ጎተራ ነው።

ይህን ሀብት ለማዳን የተነሡት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውን የዘር ሀብት ማዕከል ከ1979 ጀምሮ ለብዙ ዓመት መርተዋል። ዘሩን በቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ፣ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መቆየት እንዳለበት በተግባር አሳይተዋል። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙትም በዚህ ሥራቸው ነው።

ከሮቤ ደጋ ወደ ሶፍ ዑመር ቆላ ሲወረድ ስንዴው ቦታውን ለሌላ ሰብል ይለቃል፤ ትምህርቱ ግን አይለወጥም። ከምዕራብ ሸዋ ወለንኮሚ ተነሥተው በማሽላ ምርምር የ2009ን የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም ያስተማሩት ይህንኑ ነው። የአቀንጭራ ዘር ከማሽላው ሥር የሚወጣውን ኬሚካል ካላገኘ እንደማይበቅል ከሚታወቀው ተነሥተው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አውጥተዋል። ሆኖም ለገበሬው ያቀረቡት ዘር ብቻ አልነበረም። ዘሩ ከማዳበሪያና ከአፈር እርጥበት ጥበቃ ጋር አንድ ላይ እንዲሠራበት አድርገዋል። ጥሩ ዘር ብቻውን የትም አይደርስም።

የማኅበር መሪው ሥራ

እንግዲህ የሊቃውንቱ ሰንሰለት እዚህ ደርሷል። ቀጣዩ ድርሻ የማን እንደሆነ ከዚህ በታች ያሉት ነጥቦች ያስረዳሉ።

አንደኛ፣ ማን ምን ዘራ የሚለው ይመዝገብ። በአንድ የገበሬ ማኅበር ክልል ያሉ አባወራዎችና እማወራዎች ሁሉ አንድ ዝርያ ብቻ እንዳይዘሩ መሪዎች ከመዝራት በፊት መነጋገር አለባቸው። ሁለት ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች ተከፋፍለው ቢዘሩ አንዱ ሲመታ ሌላው ይተርፋል። ዝርያዎቹ በስም ብቻ ሳይሆን በመከላከያቸውም የተለያዩ መሆናቸውን የልማት ሠራተኛውንና የምርምር ማዕከሉን መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ማሳ በየሳምንቱ ይታይ። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት በመስመር ተደርድሮ የሚታይበት ሲሆን ብርድና እርጥበት ይስማማዋል። የቅጠል ዋግ ክብ ክብ ብርቱካንማ ቡናማ ነጠብጣብ አለው። የግንድ ዋግ ደግሞ በአገዳውና በቅጠሉ ላይ ረዘም ያለ ቀይ ቡናማ ቁስል ይፈጥራል፤ ዳር ዳሩ የተቀደደ ይመስላል፤ ሞቅ ያለ አየርም ይወዳል። በጣት ሲነካ ዱቄቱ ከለቀቀ ዋግ መሆኑን መጠርጠር ነው። ከአንድ ቁስል በሺህ የሚቆጠር የዋግ ብናኝ በነፋስ ይነሣል። ሁኔታው ከተመቸውም በሁለት ሳምንት ገደማ ሌላ ትውልድ ያፈራል።

ሦስተኛ፣ የታየው በዚያው ቀን ይነገር። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የሚባለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት በጋራ የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አዘጋጅተው ከ2017 ወቅት ጀምሮ ሞክረውታል። ትንበያው የነፋሱን አቅጣጫና የአየሩን እርጥበት ከማሳ ከሚመጣ መረጃ ጋር ያገናኛል። ከማሳ መረጃ ካልመጣ ነፋሱ ምን ይዞ እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ከታመመ ማሳ የሚወሰድ ናሙናም አምቦ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ተመርምሮ ነገዱ ይለያል። ይህ ስታክማን የጀመረው ሥራ ነው።

አራተኛ፣ ድልድዩ ይሰበር። በገናና በቦና መካከል ወፍ ዘራሽ ስንዴ እየታረሰ ይጥፋ። ስንዴ በስንዴ ላይ ከመደጋገምም በአተርና በባቄላ ማፈራረቅ ለአፈሩም ለሰብሉም ጤና ነው። የሜንዴል አተር በባሌ ሌላም ጥቅም አለው ማለት ነው።

አምስተኛ፣ መድኃኒት በጊዜውና በመጠኑ ይረጭ። ዋግ ማሳውን ከወረሰው በኋላ የሚረጭ መድኃኒት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚገዛው ከታወቀ ሻጭ ይሁን። መጠኑን በመያዣው ላይ ከተጻፈው ወይም ከልማት ሠራተኛው መመሪያ ሳያሳልፉ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ በአንድ ሰሞን መርጨት ይጠቅማል።

ስድስተኛ፣ የቀድሞ ዘር አይጣል። በባሌ የአጃና የነባር ስንዴ ዘር በጎተራቸው ያቆዩ አረጋውያንና እናቶች አሉ። ማኅበሩ ትንሽ ቦታ ከልሎ እያፈራረቀ ቢያባዛው፣ ከፊሉንም ለዘር ሀብት ባለሙያዎች ቢያስረክብ፣ ነገ ለሚመጣው የዋግ ነገድ መከላከያው ከዚያች ቁና ሊገኝ ይችላል።

የሌቨንሁክ መስታወት፣ የሜንዴል መዝገብ፣ የቦርሎግ ትዕግሥት ከሩቅ አገር የመጡ ቢሆኑም ሁሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። እነዚህ ሰዎች ሌላው ሰው አይቶ ያለፈውን ቆም ብለው ተመለከቱ፤ ያዩትንም ጻፉ። ይህ ከገበሬ ማኅበር መሪ አቅም በላይ አይደለም። በቦና ወቅት አጋማሽ አንድ መሪ ማሳ ዞሮ ያያት አንዲት ቀይ ቁስል፣ በዚያው ዕለት ለወረዳው ከተነገረች፣ የብዙ ጎረቤት ዓመት ሙሉ ድካም ልታድን ትችላለች። ሳትነገር ከቀረች ግን ዋግ ጊዜ አይሰጥም።